ሀሳቤን ለ11 ሰዓት ቀጠርኩት

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ውሃ ሌሊት ሲመጣ ያለውን ድምጽ ያውቀዋል። መጀመሪያ ቧንቧው ያስላል፣ አየር አየር ይተፋል፣ ከዛ የሆነ በር ይከፈታል፣ ባዶ ጀሪካን ከጀሪካን ሲጋጭ ይሰማል፣ ከዛ አንድ ሰው ኮሪደር ላይ «መጣ! ውሃ መጣ!» ይላል። እኛ ብሎክ ግፊቱ 4ኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም፣ ስለዚህ ውሃ በመጣ ቁጥር ወርዶ ከግቢው ቧንቧ መቅዳትና መሸከም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ህዳር ላይ ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ይዤ ስወጣ ሶስተኛውና አራተኛው ፎቅ መሃል ደረጃው ቀድመውኝ ከወጡት ሰዎች ጀሪካን በፈሰሰ ውሃ ርሶ ነበር፣ እግሬ ላይ ያለው ነጠላ ጫማ ነው፣ አንዴ ሸተት አልኩ በቃ። የጭንቅላቴ ኋላ የደረጃው ጠርዝ ላይ አረፈ። ጀሪካኑ ቋ ቋ እያለ ሲንከባለል ትዝ ይለኛል፣ ከዛ ትንሽ ተቆርጧል፣ ቀጥሎ የማስታውሰው የታች ጎረቤቴ ሻርፗን ጠቅልላ ጭንቅላቴ ስር ስታስገባና «አይንሽን ግለጪ፣ እዪኝ፣ እኔን እዪኝ» ስትለኝ ነው።

ስለመውደቁ ብዙ አልጽፍም። መጻፍ የፈለግኩት ከዛ በኋላ ስለመጣው ሀሳብ ነው። ምክንያቱም ራስ ምታቱን ሰው ይረዳዋል፣ ማዞሩንም ይረዳዋል፣ ሌሊት ሌሊት ጭንቅላቴ ውስጥ ይሮጥ የነበረውን ነገር ግን ለማንም ማስረዳት አቅቶኝ ወራት አለፉ። አሁን እዛው ላይ ያለ ሰው ይሄን የሚያነብ ከሆነ ቀስ ብለህ አንብብ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ ስክሪኑ ካመማችሁ ሰው ያንብብላችሁ። እኔም ብዙውን ነገር ያወቅኩት ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ በዝግታ እያነበበልኝ ነው።

ሆስፒታል የሄድን ሌሊት ስሜን ጠየቁኝ፣ ቀኑን ጠየቁኝ፣ እጄን እንዳነሳ፣ አይኔን እንድከፍት አደረጉኝ። ይሄ ግላስጎው ስኬል የሚባለው ነው፣ በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ግላስጎው ከተማ የነበሩ ሁለት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ያወጡት፣ አይን፣ ንግግርና እንቅስቃሴ ታይቶ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። እኔ 15 አገኘሁ። ሲቲ ስካንም ተነሳሁ፣ ደም የለም፣ ስብራት የለም። «ምንም የለሽም፣ እረፍት አድርጊ» ተብዬ የህመም ማስታገሻ ይዤ ወጣሁ። እማዬ እዛው በር ላይ ተንበርክካ መሬት ሳመች፣ እኔም ደስ አለኝ፣ እንዴት ደስ አይለኝም። ያልተነገረን ነገር ግን ነበር። ሲቲ ስካን የሚያሳየው ደምና ስብራት ነው፣ ጭንቅላት በሃይል ሲናወጥ የሚለጠጡትን ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አያሳይም። ንጹህ ወጣ ማለት አንጎልሽ አልተጎዳም ማለት እንዳልሆነ የሚነግረኝ ሰው ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ በነዛ ሁለት ወራት ውስጥ ደግሞ እኔ ራሴ፣ ቤተሰቤም፣ መስሪያ ቤቴም «ምንም የለሽም» የሚለውን ይዘን ነበር የምንኖረው። አለቃዬ ራሱ «ንጹህ ነው ተብሏል አይደል እንዴ?» ብሎኛል። ያቺ አረፍተ ነገር ከደረጃው በላይ አማኛለች።

ሀሳቡ የጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ቀን ላይ ጭጋግ ነው፣ ቃል ይጠፋኛል፣ ማንኪያ ማለት ፈልጌ እጄን ብቻ አወዛውዛለሁ፣ ሽሮ ጥጄ እረሳለሁ። ማታ ጋደም ስል ግን ያ ሁሉ ቀን ደንዝዞ የዋለ ጭንቅላት ድንገት ይነሳና መሮጥ ይጀምራል። የጥቅምት የቫት ሪፖርት ላይ ቁጥር ተሳስቼ ቢሆንስ፣ ጋዙን ዘግቻለሁ ወይስ አልዘጋሁም፣ የታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው የተናገረኝ ነገር፣ እንደገና ጋዙ፣ ሲቲ ስካኑ ያላየው ነገር ቢኖርስ፣ ልቤ ለምንድነው እንደዚህ የሚመታው፣ ልቤን ማዳመጥ ስጀምር ደግሞ ይብስበታል። አንዱን ሀሳብ ሳልጨርሰው ሌላው ከኋላ ይገፋዋል፣ ልክ መገናኛ ታክሲ ሲመጣ ሰው በሩ ላይ እንደሚጋፋው። ሌሊት 8 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ 10 ሰዓት፣ ከዛ የቅዳሴው ድምጽ ይጀምራል፣ አዛኑም ይሰማል፣ ነጋ ማለት ነው፣ እኔ አላሸለብኩም።

በአማርኛ አንድ ነገር አለ። ሀሳብ ስንል ማሰብም ነው፣ መጨነቅም ነው፣ ሁለቱን በአንድ ቃል ነው የምንጠራቸው። «ሀሳብ ገብቷት ነው» «ሀሳብ አክስቷት ነው» እንላለን። ስለዚህ መድሃኒቱም «አታስቢ» ይሆናል። እማዬ በቀን አስር ጊዜ «አታስቢ የኔ ልጅ» ትለኛለች፣ ጎረቤት «ሀሳብ አታብዢ»፣ ዱባይ ያለችው እህቴ በቮይስ «አደራሽን ምንም እንዳታስቢ»። ሁሉም ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እኔም እሺ ብዬ ላለማሰብ እታገል ነበር፣ አይኔን ጨፍኜ ጥርሴን ነክሼ አላስብም አላስብም እላለሁ፣ ሲነጋ ትራሴ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ።

ወንድሜ ካነበበልኝ ነገር ሁሉ መጀመሪያ እንባዬን ያመጣው ይሄ ነው። በ1987 በፈረንጅ አቆጣጠር ዳንኤል ዌግነር የሚባል የስነልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን ሰብስቦ ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ አላቸው፣ ካሰባችሁ ደውል ደውሉ። ደወሉ አላቋረጠም። ጭራሽ በኋላ አሁን ማሰብ ትችላላችሁ ሲባሉ መጀመሪያውኑ አስቡ ከተባሉት ሰዎች በላይ ድቡ እነሱ ላይ ተመላለሰ። ጤነኛ ጭንቅላት፣ ጤነኛ ተማሪዎች፣ ነጭ ድብ ብቻ። እኔ ደግሞ ጭንቅላቴ ተመትቶ ፍርሃቴን አታስቢ እየተባልኩ ስላልቻልኩ እምነቴ ደክሞ ነው፣ ባህሪዬ ደካማ ሆኖ ነው እያልኩ ራሴን እከስ ነበር። «ደግመህ አንብበው» አልኩት። ደግሞ አነበበው።

ከሁለት ወር በኋላ በሰው በሰው አንድ የነርቭ ሐኪም ጋር ደረስኩና ምን እየሆነ እንዳለ ተረጋግቶ ነገረኝ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፣ የሚበላው ጉልበት ግን 20 በመቶ አካባቢ ነው። ሲመታ ሴሎቹ ውስጥና ውጭ ያሉት እንደ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም ያሉ ነገሮች ቦታቸውን ይስታሉ፣ እነሱን መልሶ ለማስተካከል አንጎል ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል፣ ችግሩ በዛው ሰዓት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ፍላጎት ጨመረ አቅርቦት ቀነሰ። ያ የመጀመሪያው ሁከት በቀናትና በሳምንታት ይረጋጋል አለኝ፣ ግን ሰውነት እንደደነገጠ ሊቀር ይችላል፣ ሩጥ ወይ ተዋጋ የሚለው የነርቭ ክፍል ሳይጠፋ እንደበራ ይቆያል፣ ያንን ዝም የሚያሰኘው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ገና ደክሞታል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ይጨመርበታል። እኔ በራሴ ቋንቋ የተረዳሁት በቤታችን ብሬከር ነው። ምጣድ ተሰክቶ ካውያ ከሰካሽ ብሬከሩ ይወርዳል። ምጣዱ አልተበላሸም፣ ካውያውም አልተበላሸም፣ መስመሩ ሁለቱን አንዴ አይችልም እንጂ። ከዛ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ ቋንቋችን ሆነ፣ እማዬ ፊቴን አይታ «ብሬከሩ ሊወርድ ነው መሰለኝ፣ ግቢ ጋደም በይ» ትላለች።

እሺ መስመሩ ላይ ምን ምን ነበር የተሰካው ብዬ ሳይ አንደኛው ጠያቂ ነው። ይሄን መጻፍ ከብዶኛል ምክንያቱም ሰው ነው፣ ፍቅር ነው፣ እኛ አገር ሰው ታሞ አለመጠየቅ ነውር ነው፣ እኔም ባልጠየቅ ይከፋኝ ነበር። ግን ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሰው፣ ብርቱካንና ጁስ ይዘው፣ ቡና ተፈልቶ፣ እጣን ጨሶ፣ ቲቪው ተከፍቶ፣ ህጻን እየሮጠ፣ ሁሉም የየራሱን የሚያውቀውን ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ታሪክ እያወራ (አንዳንዱ ታሪክ ላይ ሰውየው ይሞታል) እኔ መሃል ላይ ነጠላ ተከናንቤ ፈገግ ብዬ እቀመጣለሁ። አንድ እሁድ ተነስቼ ሽንት ቤት ገባሁ፣ መብራቱን አጠፋሁና ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እማዬ መጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ከፈተች፣ አየችኝ፣ ምንም አላለችኝም፣ ዘጋችው። ከሚቀጥለው ቀን ጀምሮ ዱካ አውጥታ ኮሪደር ላይ፣ በራችን ፊት ለፊት ተቀመጠች። የመጣውን ሰው ሁሉ እዛው ትቀበላለች፣ «ተኝታለች፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እነግራታለሁ» ትላለች፣ ቡናውንም እዛው ታጠጣለች። ውስጥ ሆኜ ድምጻቸውን ከበር ማዶ እንደ ሩቅ ወንዝ እሰማለሁ፣ ሰው እንዳለኝ አውቃለሁ፣ ግን አይነካኝም። ሶስት ሳምንት ሙሉ ብርዱ ላይ ተቀምጣለች እናቴ። ለእህቴም ነገርናት፣ ቪዲዮ ኮሉ ቀረና በቀን አንዴ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ቮይስ ትልክልኝ ጀመር፣ ከስራ ስትወጣ የመንገዱ ድምጽ ከኋላዋ እየተሰማ ምን እንደበላች ብቻ ትነግረኛለች። ሩዝ በላሁ። ዛሬ እንጀራ አገኘሁ። ለኔ ከዛ የበለጠ አልነበረም።

ሁለተኛው ቡና ነው። ድካሙን ለማሸነፍ ብዬ አቦል ቶና በረካ ሳላጓድል፣ ከሰዓትም ጭምር እጠጣ ነበር፣ ከዛ ሌሊት ልቤ ለምን ይመታል ብዬ እጨነቃለሁ። አቦልን ብቻ አደረግኩት፣ እሱንም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት። ሶስተኛው ስልክ። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አላራዝመውም።

ከዛ ደግሞ በተቃራኒው የሄድኩበት ጊዜ አለ። መስመሩን ላቅልል ብዬ መጋረጃ ዘግቼ ጨለማ ውስጥ ተኛሁ፣ ለሳምንታት። ሰው ሁሉ «እረፍት» ይላል፣ እረፍት ማለት ለኔ መጋደም ነው። ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ምንም ሳይሰሩ መዋል ሀሳብን የሚያደልብ ነገር ነው፣ የሚሰራ ነገር የሌለው ጭንቅላት ወደ ራሱ ነው የሚዞረው። ሐኪሙ ሲነግረኝ ገረመኝ፣ ዱሮ እንደዛ ይመከር ነበር፣ አሁን ግን የመጀመሪያው 24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል አድርጎ ማረፍ፣ ከዛ በኋላ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ነው የሚመከረው፣ በ2022 አምስተርዳም ላይ የዚህ ጉዳይ ባለሙያዎች ተሰብስበው ያወጡትም ይሄንኑ ነው። ልክ አለው፣ ከመውጣትሽ በፊት ህመምሽን ከ10 ስንት ነው ብለሽ ትሰጪዋለሽ፣ ስትራመጂ እስከ 2 ነጥብ ቢጨምርና በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢመለስ ችግር የለውም፣ ከዛ ካለፈ ትመለሻለሽ። መጀመሪያ ቀን 7 ደቂቃ ነው የሄድኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ኮፍያ አድርጌ፣ ወንድሜ ከጎኔ፣ ከብሎካችን እስከ ዳቦ ቤቱ። ስንመለስ ራስ ምታቴ ከ4 ወደ 5 ሄዷል፣ ሀሳቤ ግን ከማለዳው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሏል፣ ምክንያቱም እግሬን የት እንደማሳርፍ ነበር የማየው። በየሁለት ሶስት ቀኑ ሁለት ደቂቃ እየጨመርን ሄድን።

አሁን ስለ መቁጠሪያው። እማዬ ሌሊት ስትጸልይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ትላለች፣ በእንጨት መቁጠሪያ። አንድ ሌሊት ሳለቅስ ሰምታ መጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያውን እጄ ላይ አደረገችልኝ። እኔ ያው እንደሀሳቤ እየሮጥኩ እግዚኦ እግዚኦ እግዚኦ አልኩ፣ እጄን ያዘችኝ። «ዝግ በይ። እግዜር አይቸኩልም» አለችኝ። ከዛ እሷ በአንድ ትንፋሽ አንዴ ትላለች፣ አየሩ እስኪያልቅ ትጠብቃለች፣ ከዛ ነው ጣቷ ወደሚቀጥለው ፍሬ የሚሄደው። ተከተልኳት። ፍሬዎቹ ከዘመን ብዛት ልስልስ ብለዋል፣ አንዷ ብቻ ጎኗ ላይ ስንጥቅ አላት፣ ጣቴ እሷ ጋ ሲደርስ አንድ ዙር እንደሄድኩ አውቃለሁ። አልተኛሁም በዛች ሌሊት፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ስንጥቋ ፍሬ ጋ ሁለተኛ ጊዜ ስደርስ ትከሻዬ ከጆሮዬ ስር ወርዶ ነበር፣ ያን ያህል ወደ ላይ ተሰቅሎ እንደነበርም ያወቅኩት ሲወርድ ነው።

ወንድሜ በኋላ ፈልጎ ያነበበልኝ አለ፣ በ2001 ቢኤምጄ በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት ላይ የወጣ፣ በርናርዲ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሰዎች የካቶሊኮቹን መቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙና የዮጋ ማንትራ ሲደግሙ ለካ። ሁለቱም ሳያውቁት ትንፋሻቸውን በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ያወርዱታል፣ በዛ ፍጥነት ሲተነፈስ ደግሞ የልብ ምትና የደም ግፊት አብረው እየተናበቡ ይሄዳሉ። ወደ ውጭ ስንተነፍስ ቬገስ የሚባለው ረጅሙ ነርቭ ልብን ቀስ በል ይለዋል፣ ጣታችሁን የእጃችሁ አንጓ ላይ አድርጋችሁ ረጅም ትንፋሽ ብታወጡ ምቱ ሲዘገይ ሊሰማችሁ ይችላል። ለእማዬ ነገርናት። አልገረማትም። ሻርፗን ያነጠፈችልኝ ጎረቤቴም ስነግራት ሙስበሃዋን ከኪሷ አውጥታ አሳየችኝ፣ ሱብሃነላህ 33፣ አልሃምዱሊላህ 33 እያለች በቀስታ። እሷም ባሏን ባጣች ጊዜ እንቅልፍ የመለሰላት እሱ እንደሆነ ነገረችኝ። ጸሎት ለትንፋሽ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፣ ለኔ ከዛ በላይ ነው። ግን ሰውነትም እንደሚጸልይ አላውቅም ነበር።

ጸበሉስ ለምትሉኝ፣ እማዬ እንጦጦ ልትወስደኝ ቆርጣ ነበር። እኔ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ ሲወርድብኝና ግፊያው ታየኝና ፈራሁ፣ መፍራቴም ደግሞ ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ፣ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ጠጪው፣ ግንባርሽንም ቀቢው፣ ጸበል በኩባያም ጸበል ነው» አሉኝ። እፎይ አልኩ። የሐኪም ክትትሌንም እንዳልተው ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው።

ቀን ቀን ላይ ያተረፈኝ ደግሞ ምስር ነው። ከቤት ስራ ሁሉ የቻልኩት ምስር መልቀም ነበር፣ ምግብ ማብሰል ብዙ ነገር አንዴ ማሰብ ይፈልጋል፣ ምስር ግን አይፈልግም። መስኮቱ ስር ቁጭ እላለሁ፣ ጸሃይዋ በጀርባዬ ትመጣለች እንጂ አይኔ ላይ አትመጣም፣ ሰፌዱ ጉልበቴ ላይ ነው። እፍኝ ምስር ወደ ራሴ እስባለሁ፣ በጣቴ አስተኛዋለሁ፣ ጠጠሯ ከምስሩ ትንሽ ጠቆር ትላለች፣ ከበድ ትላለች፣ ጣት ሲነካት ታውቃለች። ለይቼ ወደ ጠርዙ እገፋታለሁ። ንጹሁን ወደዛ። እንደገና እፍኝ። ሰፌዱን አንዴ ሳንቀጠቅጠው ሽሽሽ የሚለው ድምጽ አለ፣ ያ ድምጽ አያሳምምም ነበር፣ በዛ ሰሞን ከማያሳምሙኝ ጥቂት ድምጾች አንዱ ነው። ሀሳቡ ይመጣል፣ አልገፋውም፣ አልከተለውም፣ እጄ እየለቀመ ነው፣ ትንሽ ይቆምና ሌላ ይመጣል። እማዬ ያላስፈለጋትን ሁሉ ምስር ትሰጠኝ ነበር፣ አንድ ቀን ሰፌዱ ላይ ያለው ትናንት የለቀምኩት ምስር መሆኑን አወቅኩ፣ ጠጠሮቹን መልሳ ቀላቅላው ነው። ምንም አላልኳትም። ለቀምኩት።

ደብተሩ የመጣው ከስነልቦና ባለሙያዋ ነው። እሷ ጋ መሄድ ራሱ ቀላል አልነበረም፣ አንድ ዘመዳችን «አማኑኤል ልትገባ ነው እንዴ?» ብላለች፣ አማኑኤል ቢሆንስ፣ የአእምሮ ህመም የሚታከምበት ሆስፒታል ነው፣ ሰው ሳንባውን ሲያመው እንደሚታከመው። አሜሪካ ውስጥ በ2019 የታተመ ጥናት ላይ ቀላል የሚባል የጭንቅላት ጉዳት ከደረሰባቸው 5 ሰዎች 1 የሚሆነው እስከ ስድስት ወር ድረስ የአእምሮ ጤና ችግር ምልክት ነበረበት። ስለዚህ እኔ ብቻ አይደለሁም። መድሃኒትም ለጥቂት ወራት ወስጃለሁ፣ አላፍርበትም።

ባለሙያዋ ያለችኝ «ሀሳብሽን አታባርሪው፣ ቀጠሮ ስጪው» ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሰራበት ዘዴ ነው፣ በቀን አንድ የታወቀ ሰዓት፣ አንድ የታወቀ ቦታ፣ ግማሽ ሰዓት ለጭንቀት ብቻ፣ ከዛ ውጭ የመጣ ጭንቀት ተጽፎ ይጠብቃል። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ፣ እርሳስ ከትራሴ ስር አደረግኩ፣ ሰዓቴን ከቀኑ 11 ሰዓት አልኩት፣ ቦታው ኮሪደሩ ላይ የእማዬ ዱካ። መኝታ ቤት እንዳይሆን ብላኛለች።

ደብተሩ አሁንም አለኝ፣ ጽሁፌ የህጻን ይመስላል። «ሌሊት 8፡20። የጥቅምት ቫት። ለ11 ሰዓት።» «8፡35። ጋዝ። አይቼዋለሁ ተዘግቷል።» «8፡50። ስልክ ስደውልላት ያላነሳችው ተቀይማኝ ይሆን። ለ11።» «9፡10። እንዲሁ ሆኜ ብቀርስ። ለ11።» ሲጻፍ ሀሳቡ የተሰማ መሰለው፣ እንዴት ልበላችሁ፣ በር ላይ የሚጮህ ሰው «ስምህን መዝግበናል፣ ትጠራለህ» ሲባል ዝቅ እንደሚለው። 11 ሰዓት ደርሶ ደብተሩን ስከፍት ግማሹ ሌሊት ለምን እንዳስጨነቀኝ እንኳን አይገባኝም። ቫቱን ለስራ ባልደረባዬ ደውዬ ጠየቅኳት፣ ትክክል ነበር። ልጅቷም አልተቀየመችኝም፣ ቻርጅ አልቆባት ነው።

አንዷ ግን በየቀኑ ትመጣለች። እንዲሁ ሆኜ ብቀርስ። ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ እኔ የምታወቀው በቁጥር ነው፣ ኤክሴል ስከፍት ረድፎቹ እየዋኙ ሲሄዱብኝ የተሰማኝ ፍርሃት ሌላ ነው። ይቺን ሀሳብ ደብተር አልቻላትም። አንድ ቀን 11 ሰዓት ላይ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አታስቢ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አለችና ቆይታ «እሺ፣ እንዲሁ ብትቀሪ ነገ ጠዋት ምን እናደርጋለን?» አለችኝ። አሰብኩ። «ቁርስ እንበላለን» አልኳት። «ከዛስ?» «ትራመጃለሽ ትይኛለሽ፣ ከወንድሜ ጋ እወጣለሁ።» «ከዛስ?» «ምስር።» «ከዛስ?» እስከ ማታ ድረስ ቆጠርነው፣ ሙሉ ቀን ወጣው። ሁለታችንም ዝም አልን። ታች ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር።

አልዋሻችሁም፣ እንደ ዱሮዬ አልሆንኩም። ስራ በግማሽ ቀን ነው የተመለስኩት፣ ከአምስት ወር በኋላ፣ አሁን ሙሉ ቀን እሰራለሁ ግን በየ40 ደቂቃው ተነስቼ መስኮት ጋ እሄዳለሁ፣ ሰርግ ላይ ስፒከር አጠገብ አልቀመጥም፣ ሲደክመኝ ቃል ይጠፋኛል። መጥፎ ሌሊት በወር ሁለት ሶስቴ ይመጣል። ሲመጣ ግን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ብሬከሩ ነው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ እጅ ወይ እግሩ ከደከመ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ የአይኑ ብሌኖች እኩል ካልሆኑ፣ ወይም አልነቃ ካለ እዛው ሰዓት ድንገተኛ ይወሰድ፣ ምስርም ትንፋሽም አይደለም የዛን ጊዜ። ሀሳቡም ወደ መሞት ከዞረ ለ11 ሰዓት አይቀጠርም። በዛው ሌሊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስቅሱ፣ አብራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ውሃ መጣ። ከወደቅኩ በኋላ ያ የቧንቧ ሳል በተሰማ ቁጥር ልቤ ጉሮሮዬ ጋ ነበር የሚደርሰው፣ አሁንም ትንሽ ይደርሳል። በሮች ተከፈቱ፣ ጀሪካን ተጋጨ፣ ወንድሜ ሸራ ጫማውን አጥልቆ ወረደ። እኔ የስልኬን መብራት አብርቼ ደረጃው አናት ላይ ቆምኩ፣ መወልወያውን ይዤ። ሰው ባለፈ ቁጥር የተንጠባጠበውን አደርቃለሁ። የታች ጎረቤቴ ጀሪካኗን ይዛ ስትወጣ ቆም ብላ «ደህና ነሽ?» አለችኝ፣ «ደህና ነኝ፣ ቀስ ብለሽ ውጪ» አልኳት። አራቱም ጀሪካን ሲሞላ ክዳናቸውን ዘጋሁ፣ እጄን አደረቅኩ፣ አልጋዬ ላይ ወጣሁ። ደብተሩ ላይ «7፡40። ቀጭኑ ጀሪካን ስር ያፈሳል መሰለኝ። ለ11 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩና መብራቱን አጠፋሁት።